ሁለት መቶ ጨዋታ ያለ ጎል፦ ሉካስ ራዴቤ በሊድስ



ዛሬ የምናገረው በአንድ የእንግሊዝ ክለብ አሥራ አንድ ዓመት ኖሮ አንድም የሊግ ጎል ስላላገባ ሰው ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ሉካስ ራዴቤ ከ1994 እስከ 2005 ለሊድስ ዩናይትድ 200 የሊግ ጨዋታዎችን ተሰልፏል፤ በሊግ ያስቆጠረው ዜሮ ነው። በዋንጫ ውድድሮች አግብቷል፤ በ1999 በዩኤፋ ዋንጫ ስፓርታክ ሞስኮን ያሰናበተችውን ጎል በቴስታ ያስቆጠረው እሱ ነው። (የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ሰው የመረጥኩት ስለ ስደተኛ ተጫዋች ስናወራ ዘወትር የምናወራው ስለ አጥቂ በመሆኑ ነው። አጥቂ ባዕድ አገር ሄዶ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ጎል ካገባ ቋንቋ ባይችልም ስሙ በስታዲየሙ ይዘመራል። ተከላካይ ግን ሥራውን በትክክል ሲሠራ ምንም አይከሰትም፤ የሚታወሰው የተሳሳተ ዕለት ነው። በረኛው ከፊቱ የቆመውን ሰው ማመን አለበት፤ የጎኑ ተከላካይም እሱ ሲወጣና ሲመለስ ሳያየው ማወቅ አለበት። ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ውጭ አገር የሄደ ተከላካይ ከገንዘብም ከዝናም በፊት የሚያስፈልገው፣ ለመታመን የሚበቃ ጊዜ የሚሰጠው ክለብ ነው።

ራዴቤ በ1969 በሶዌቶ፣ ዲፕክሉፍ በሚባለው ሰፈር ተወለደ። አፓርታይድን በመቃወም ከተማው ሲታመስ ወላጆቹ ከግርግሩ እንዲርቅ ብለው ቦፑታትስዋና ወደሚባለው ግዛት ላኩት። እዚያ ሥራ ፈትቶ ላለመቀመጥ ኳስ ጀመረ፤ ልብ በሉ፣ የጀመረው በረኛ ሆኖ ነው። በ1989 የካይዘር ቺፍስ ክለብ ተጫዋች ሆነ፤ ከግብ ክልሉም እየወጣ መጀመሪያ አማካይ፣ በኋላ የመሐል ተከላካይ ሆነ። በ1991 ሶዌቶ ውስጥ ከጀርባው በጥይት ተመታ። ጥይቱ አከርካሪውንና የውስጥ አካሉን ስቶ በጭኑ ወጣ። ተኳሹ እስከ ዛሬ አልተያዘም። ወደ ሌላ ክለብ እንዳይዘዋወር ሊያስቀሩት ነው የሚል ወሬ ቢወራም፣ ወሬ ከመሆን አላለፈም።

እዚህ ላይ የእኛው አገር ታሪክ ይገባል። በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲዘጋጅ ኢትዮጵያ የደረሳት ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። (በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 ረታናለች፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ ነው፤ ይህን በሌላ ቀን እናዝንበታለን።) ከዚያ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ከእግር ኳሱ ዓለም እንድትገለል ግንባር ቀደም ሆነው የታገሉት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ፊፋ በ1976 ደቡብ አፍሪካን ሲያባርር እሳቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1987 ሲያርፉ እገዳው እንደጸና ነው፤ ራዴቤ ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበር።

እገዳው ዋጋ አስከፍሏል፤ ይህን መደበቅ ለአቶ ይድነቃቸውም ክብር አይሆንም። ኤስ ንትሶሌንጎኤን የመሰለ ታላቅ ጥቁር ተጫዋች በአሜሪካ ሊግ ለሚኒሶታ ኪክስ ተጫወተ፤ ለአገሩ ግን በይፋዊ ግጥሚያ ሳይሰለፍ ዘመኑን ጨረሰ። በደሉን ያልፈጸሙት ቅጣቱን ተካፈሉ። እኔ በበኩሌ ያም ሆኖ ውሳኔው ትክክል ነበር ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በዘር ለተለየ ቡድን ሜዳ መክፈት በደሉን ከማጽደቅ የሚለይ አይደለም። በ1992 እገዳው ሲነሣ ደቡብ አፍሪካ ሐምሌ 7 ቀን ደርባን ላይ ካሜሩንን አስተናግዳ 1 ለ 0 አሸነፈች። ራዴቤ ብሔራዊ ማሊያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የለበሰው በዚያ ዕለት ነው። የእንግሊዝ የሥራ ፈቃድ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ተጫዋች የሚሰጠው ለብሔራዊ ቡድኑ የሚሰለፍ ከሆነ ነበርና፣ ያች ግጥሚያ ባትኖር የሊድስም መንገድ አይኖርም ነበር።

ሊድስ በ1994 የፈለገው አጥቂውን ፊሊሞን ማሲንጋን ነው። ራዴቤ በ250 ሺህ ፓውንድ አብሮ ተገዛ፤ ማሲንጋ በባዕድ አገር ብቻውን እንዳይሆን ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ከተማዋ ለደቡብ አፍሪካ ተጫዋች አዲስ አልነበረችም። አልበርት ጆሃንሰን የተባለው የክንፍ ተጫዋች በ1961 መጥቶ በ1965 በእንግሊዝ ኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆኗል። የሞተው ግን በ1995 እዚያው ሊድስ ውስጥ፣ ድህነትና መጠጥ ጎድተውት፣ ብቻውን ነው። ራዴቤ ከመጣ ገና አንድ ዓመቱ ነበር።

ለራዴቤም የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀና አልሆኑለትም። አሠልጣኙ ሃዋርድ ዊልኪንሰን ከቦታው ውጭ እያሰለፈው፣ ሲያሻውም ተቀያሪ ወንበር ላይ እያስቀመጠው ቆየ፤ በ1995 ደግሞ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ከጉዳቱ እንደተመለሰ በ1996 መጀመሪያ አገሩ ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ ተሰልፎ ዋንጫውን አነሣ። ማሲንጋ በዚያው ዓመት ሊድስን ለቀቀ። ለአጃቢነት መጣ የተባለው ቀረ።

የ1996ን የሚያዝያ 17 ምሽት ግን ቀረብ ብለን እንየው። ሊድስ በኦልድ ትራፎርድ ማንቸስተር ዩናይትድን ይገጥማል፤ ዩናይትድ ለሻምፒዮንነት ይሮጣል። ጨዋታው ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የሊድሱ በረኛ ማርክ ቢኒ ከክልሉ ውጭ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ካርድ ወጣ። ተቀያሪ ወንበሩ ላይ በረኛ የለም። በዚያን ጊዜ ክለቦች ሦስት ተቀያሪ ብቻ ይይዙ ስለነበር አሠልጣኞች አንዳንዴ እንዲህ ይደፍሩ ነበር። ጓንቱን ራዴቤ አጠለቀ። ከሳምንታት በፊት ከሚድልስብሮ ጋር በረኛው ሲጎዳም ግቡን የጠበቀው እሱ ነበር። በአሥር ሰው፣ በዚያ ሜዳ፣ ከዚያ ቡድን ጋር፣ ያ የቦፑታትስዋና በረኛ ልጅ ከሃምሳ ደቂቃ በላይ ኳሱን እየያዘ፣ እየተወረወረ እያወጣ ቆየ። በ72ኛው ደቂቃ ሮይ ኪን አገባበት፤ ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ። የሊድስ ደጋፊ ራዴቤን የራሴ ያለው፣ በእኔ ግምት፣ በዚያ ሽንፈት ነው። በመዝገብ ላይ ግን የሚገኘው አንድ የገባ ጎል ብቻ ነው።

በ1996 መስከረም ጆርጅ ግርሃም አሠልጣኝ ሆኖ መጣ። መከላከልን የሚወድ ሰው ነበርና ራዴቤን ከመሐል አቆመው፤ ዋናውን አጥቂ ሰው በሰው እንዲይዝ አደረገው። በ1998 ራዴቤ አምበል ሆነ፤ ደጋፊውም «ዘ ቺፍ»፣ አለቃው፣ ይለው ጀመር። የመሐል ተከላካይ አፉን ዘግቶ መጫወት አይችልም፤ ከጨዋታ ውጭ መስመሩን የሚያወጣውም የሚያስገባውም በጩኸቱ ነው። ከሶዌቶ የመጣ ሰው የዮርክሻየር ልጆችን «ውጡ!» ሲል ሰምተውት አንድ ላይ ከወጡ፣ የስደቱ ትልቁ ድንበር ያን ዕለት ታልፏል።

በ2000 ኅዳር ሊድስ ለሪዮ ፈርዲናንድ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ፤ ለተከላካይ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ራዴቤ ከተገዛበት 250 ሺህ ጋር አስተያዩት። ራዴቤ ግን ከዚያ በኋላ ከሜዳ ይልቅ ሐኪም ቤት ይበዛበት ጀመር። አንዱ ምክንያት ጉዞው ነው፤ የአፍሪካ ዋንጫ ያኔ በአውሮፓ የውድድር ዘመን እኩሌታ ላይ ይወድቅ ነበር፤ ራዴቤ አምበል ስለነበር ክለቡም አገሩም ይፈልጉት ነበር። ለአገሩ 70 ጊዜ ተሰልፏል። በ2002 የዓለም ዋንጫ ስፔን ላይ በግንባሩ ገጭቶ 2 ለ 2 አደረገ፤ ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 2 ተሸንፋ ባስቆጠረችው ጎል ማነስ በፓራጓይ ተቀድማ ወደቀች። ለተከላካይ ከዚህ የባሰ ዕጣ የለም።

ኔልሰን ማንዴላ በ2001 ሊድስን ሲጎበኙ ራዴቤን «ጀግናዬ» እንዳሉት በሰፊው ተዘግቧል። ሌሎች ታላላቅ ክለቦች እንደሚፈልጉት ሲወራም አልሄደም። ሊድስ በዕዳ ተውጦ ፈርዲናንድንና ሌሎቹን ሸጠ፤ በ2004 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ራዴቤ ከወረደው ክለብ ጋር ቀረ፤ በግንቦት 2005 ለስንብቱ በተደረገው ግጥሚያ ከ37 ሺህ በላይ ሰው የሊድስን ስታዲየም ኢላንድ ሮድን ሞላው። የከተማዋ የሙዚቃ ቡድን «ካይዘር ቺፍስ» ስሙን የወሰደው ከራዴቤ የቀድሞ ክለብ ነው።

ወደ እኛ ልመለስና ልጨርስ። ሳላዲን ሰዒድ፣ ጌታነህ ከበደ፣ ሽመልስ በቀለ፣ ጋቶች ፓኖም፤ በቅርብ ዓመታት ወጥተው ከተጫወቱት ልጆቻችን ቶሎ የሚታወሱን አጥቂና አማካይ ናቸው። ተከላካይ ጥቂት ነው። ተሰጥኦ ጠፍቶ አይመስለኝም። የአጥቂ ጎሎች በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ተቆርጠው ይላካሉ፤ ተከላካይ የት ቆሞ ኳሱ እንዳልመጣ ግን በቪዲዮ ቁራጭ አይታይም። ገዢው ክለብ ሰው ልኮ፣ ያ ሰው ሜዳ ዳር ተቀምጦ ዘጠናውን ደቂቃ፣ ያውም በተከታታይ ሳምንታት ማየት አለበት። የእኛ ክለቦች ተከላካይ መሸጥ ከፈለጉ እንግዲህ የሚያደራድሩት ወኪል ከመፈለጋቸው በፊት የዚያን ተመልካች ቲኬትና ሆቴል ማን እንደሚችል መነጋገር ይኖርባቸዋል።