ከጅቡቲ ራዲዮ ስቱዲዮ የወጣ አልበም

(ሙዚቃ ይገባል፤ ከአፍታ በኋላ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ዛሬ ስለምወደው አልበም ላጫውታችሁ። «የጅቡቲ ጨፋሪ ሰይጣናት» ይባላል። የሠራው ግሩፕ ኤር ቴ ዴ፣ የጅቡቲ ብሔራዊ ራዲዮና ቴሌቪዥን ባንድ ነው። የዘወትር ሥራቸው በመንግሥት ሥነ ሥርዓቶች ላይ መጫወት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ኦስቲናቶ ሬከርድስ የተባለ አሳታሚ ተንቀሳቃሽ መቅረጫ ይዞ ጅቡቲ ከተማ ገባ። ቀረጻው በሦስት ቀን አለቀ፤ አልበሙም በ2020 ወጣ።

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ይወርዳል)

አሁን ጊታሩን ለይታችሁ ስሙት። ሬጌ ይመስላል አይደል? ዳንቶ የሚባለው የሶማሌ ጭፈራ ምት ራሱ ከሬጌ ጋር በጣም ይቀራረባል። በዚያ ላይ የኪቦርዱ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ይደረብበታል፤ የሞሐመድ አብዲ አልቶ ሳክስፎን ደግሞ ወደ ጃዝ ይስበዋል። አስማ ኦማር ስታዜም የህንድ ፊልም ዘፈን ቃና ይሰማኛል። ጅቡቲ ወደብ ናት፤ መርከብና ራዲዮ ያመጡት ዜማ ሁሉ እዚህ ተገናኝቷል።

ሙዚቀኞች በስቱዲዮ ውስጥ እንዲህ አብረው፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተደማምጠው የተጫወቱት አልበም ዛሬ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ዘፈን ብቻ መርጣችሁ አትለፉት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አድምጡት።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል)