ዩኒፎርም ለብሳ ካርድ ክፍል

አቅራቢ 1፦ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ መቆጣጠሪያ በነፃ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ታዲያ ለምን ይሸሹታል?

አቅራቢ 2፦ ዩኒፎርም ለብሳ ካርድ ክፍል የተሰለፈች ልጅ አስቢ፤ ከኋላዋ የእናቷ ጎረቤት ቆማለች። መዝጋቢዋ ጮክ ብላ «ምንሽን ነው?» ስትላት ምን ትመልስ? ውልቅ ብላ ትሄዳለች።

አቅራቢ 1፦ ሰዓቱም አይመችም፤ ከትምህርት ስትወጣ ክፍሉ ይዘጋል።

አቅራቢ 2፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የተደፈረች ልጅ ኤችአይቪን የሚከላከለውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት። በፍርሃት ሦስት ቀን ካለፈ አለፈ!

አቅራቢ 1፦ የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት እኮ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ትምህርት ቤት ድረስ ሄዷል፤ አገልግሎትን ለተማሪዎች ማመቻቸት ይቻላል ማለት ነው።

አቅራቢ 2፦ እንግዲያው የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ እባካችሁ ቅዳሜም ክፈቱላቸው፤ ጉዳያቸውንም በር ዘግታችሁ ጠይቁ።