ዶሮ ስናስታቅፍ ከእናቶቻችን የሰማነው
(በማኅበራችን ዓመታዊ የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ዶሮ ነው። አትሳቁ። ማለት፣ ሳቁ፤ ግን ስሙን።

በዚህ ዓመት ከማኅበራችን የአትክልት ቦታ ጥግ ትንሽ የዶሮ ቤት ሠርተን ሁለት ጊዜ እንቁላል አስታቀፍን። ነገሩን ያመጡት ትንንሾቹ ናቸው። ብዙዎቹ ጋን ውስጥ ጫጩት ሲፈለፈል አይተዋል። (ጋን ስንል የሕፃናቱን ማለታችን ነው እንጂ የጠላውን አይደለም። እናቶቻችን ግን ኢትዮጵያ ሳሉ ዶሮ የሚያስታቅፉት በስባሪ ጋን ስለነበረ እሱም ቢሆን ያስኬዳል።) በልጆቹ ጋን ጠረጴዛ ላይ መድገራ የሚሉት ማሽን ይቀመጣል፣ መብራቱ ይበራል፣ በ21ኛው ቀን ጫጩት ይወጣል። ልጆቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ግን "እናትየዋስ የት ሄደች?" ብላ ጠየቀችን። መልሱ የተገኘው እዚያው አጠገባችን ጎመን ሲኮተኩቱ ከነበሩት እናቶች ነው።

መጀመሪያ የነገሩን፣ ከሱፐር የተገዛ እንቁላል እንደማይሆን ነው። እንቁላል ለገበያ በሚጣልበት ቤት አውራ ዶሮ የለም፤ አውራ ካላገኘችው ዶሮ የመጣ እንቁላል ደግሞ ሦስት ሳምንት ቢታቀፍ ይገማል እንጂ አይፈለፈልም። ዶሮዎቹም ቢሆኑ ብዙ እንዲጥሉ ተመርጠው የመጡ ዘሮች ስለሆኑ አብዛኞቹ መታቀፍ የሚባል ነገር ትተዋል። ታቃፊ ዶሮ መጣሏን ታቆማለቻ! ለነጋዴ ኪሳራ ነች። ስለዚህ ከአንድ ሞሻቭ ባላዲ የሚሏቸውን የአገር ዶሮዎች፣ ከነአውራቸው እንቁላል ጋር አመጣን።

እናቶቻችን ዶሮ መታቀፍ እንደፈለገች የሚያውቁት ማታ ነው። ሌሎቹ ወደ ቆጥ ሲወጡ እሷ ከጎጆዋ አትነሳም። እጅህን ስታስገባ ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች፣ ትነክሳለች፣ ድምፅዋም ይወፍራል። አንድ ቀን እንዲህ ብታደርግ አትመኗት፣ ሁለትና ሦስት ሌሊት እዩአት ይላሉ። ከዚያ በጨለማ ቀስ ብሎ ጸጥ ወዳለ ቦታ ማዛወር ነው። ከሥሯ ጭድ፣ ቅማል እንዳይበላትም ትንሽ አመድ። ለአንዲት ትንሽ የአገር ዶሮ ከስምንት እስከ አሥር እንቁላል ይበቃል፤ ትልቅ ከሆነች አሥራ ሁለት። ስስት አይሠራም፤ ከላባዋ ውጭ የቀረው እንቁላል ይበርደዋል፣ ስታገላብጥም ቦታ ስለሚለዋወጥ ተራ በተራ ሁሉም ይበርዳቸዋል።

እኛን በጣም ያስገረመን የጊዜው ነገር ነው። ዶሮ በአንድ ቀን አሥር እንቁላል አትጥልም። አንዱ የዛሬ፣ አንዱ የሳምንት ነው። ታዲያ እንዴት ሁሉም በአንድ ቀን ይፈለፈላሉ? እንቁላሉ ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ይተኛል። ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገው ካስቀመጡት ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይቆያል፤ ውስጡ ያለው ሕይወት ማደግ የሚጀምረው ዶሮዋ ስትቀመጥበት ነው። እናቶቻችን እህል ውስጥ ቀብረው ያጠራቀሙ የነበረው ለዚህ ነው። ከወገራ የመጡ አንዲት እናታችን "ቀኑ የሚቆጠረው ከታቀፈች ጀምሮ ነው፣ ከጣለች ጀምሮ አይደለም" አሉን። በዕብራይስጥ የተጻፈው የባዮሎጂ መጽሐፋችን ይህንኑ ለማለት አንድ ገጽ ፈጅቶበታል።

21 ቀን ድፍን ሦስት ሳምንት ነው። ሰኞ ማታ ያስታቀፍነው ሰኞ ይፈለፈላል። ዓርብ ብናስታቅፍ ግን መፈልፈያው ሰንበት ላይ ይውላል፤ ለእሷ ግድ የላትም፣ እሳት አታነድም፣ ለእኛ ግን ግርግሩ አይመችም።

በእነዚህ ቀናት የሰው ሥራ ትንሽ ነው። ዶሮዋ ከሆዷ ላባ ነቅላ ባዶ ቆዳዋን እንቁላሉ ላይ ታሳርፋለች። በቀን ብዙ ጊዜ በምንቃሯ ታገላብጠዋለች፤ ካልተገላበጠ ጽንሱ ከቅርፊቱ ሽፋን ላይ ይጣበቃል። መድገራው ይህን የሚያደርገው በሞተር ነው። በቀን አንድ ጊዜ ወርዳ እህል ለቅማ፣ ውሃ ጠጥታ፣ አመድ ላይ ተንከባልላ ከሃያ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ትመለሳለች። ልጆቹ "ይበርደዋል!" ብለው ሲጨነቁ እናቶች ሳቁባቸው፤ ያን ያህል ጊዜ አይጎዳም። ሻራቭ በሚነፍስበት ቀን ውሃዋ ቅርብ ይሁን፣ ቤቷም ጥላ ያግኝ። ኢትዮጵያ ሳሉ የሚፈሩት ሌላ ነበር፤ ክረምቱን፣ ጭልፊቱን፣ ከሁሉም በላይ መንደር የሚጨርሰውን ፈንግል። እዚህ ለፈንግል ክትባት አለ።

በስምንተኛው ሌሊት እንቁላሎቹን በስልክ መብራት አየናቸው። ሕይወት ያለው እንደ ሸረሪት ድር ቀይ ሥር ይዘረጋል፤ ባዶው እንደ ብርጭቆ ጥርት ይላል፣ እሱን ማውጣት ነው። እናቶቻችን ይህን የሚያዩት በር ገርበብ አድርገው፣ በምትገባው የፀሐይ ጨረር ነበር።

በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት አትንኳት። እሷም ማገላበጡን ትተዋለች። ጫጩቱ በሰፊው ጫፍ በኩል ያለችውን የአየር ኪስ ይበሳና የመጀመሪያ ትንፋሹን ይተነፍሳል፤ ገና ቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል፣ ዶሮዋም ትመልስለታለች። ሁለቱን ስንሰማ የማኅበሩ ጎረምሶች ሳይቀሩ ዝም አሉ። ቅርፊቱ ከተሰነጠቀ በኋላ ለሰዓታት ምንም ላይመስል ይችላል፤ ያን ጊዜ "እንርዳው" የሚለውን ልጅ እጅ መያዝ ያስፈልጋል። ጫጩቱ የሚያርፈው ደሙንና የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ነው፤ ቶሎ ቅርፊቱን ብትልጡለት ይደማል። ያ አስኳል ሁለት ቀን ያህል ያለ ምግብ ያቆየዋል። ቀድመው የወጡት ከላባዋ ሥር ሆነው የዘገዩትን የሚጠብቁት በዚሁ ስንቅ ነው።

ከመጀመሪያው አሥራ አንድ እንቁላል ስምንት፣ ከሁለተኛው ዘጠኝ ሰባት ተፈለፈለ። አንዷን ድመት በላት።

አንዳንድ ወላጆች ያነሱት ጥያቄ አለ፤ በዝምታ ማለፍ አንፈልግም። "እኛ ስንት መከራ ያየነው ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ እንጂ ዶሮ ጠባቂ እንዲሆኑ ነው ወይ?" ብላችኋል። ልክ ናችሁ፣ ዩኒቨርሲቲውም ይቅደም። ግን የልጆቹን ቀን አስቡት። ኩፓት ሖሊም ሲኬድ አስተርጓሚው የልጅ ልጅ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢው እሱ ነው። ባንክ እሱ፣ ስልክ እሱ። አያቱ የሚያውቁት ነገር እንዳለ በዓይኑ የሚያይበት ቦታ የት ነው? በዶሮ ቤቱ ግን አያት ይናገራሉ፣ የእኛ ልጆች ይጠይቃሉ፣ ያውም በአማርኛ፤ ምክንያቱም "ታቀፈች" የሚለውን ቃል በዕብራይስጥ ለአያቱ ለማስረዳት የሞከረ ልጅ አልተሳካለትም።

ሌላው ከባድ ነገር አውራዎቹ ናቸው። ከሚፈለፈለው ግማሽ ያህሉ ወንድ ነው፤ የሰፈር ጎረቤት ደግሞ በሌሊት ሲጮኽበት አይወድም። አንዳንድ አባቶች "ለበዓል ይታረዱ፣ ዶሮ ወጥ ከየት የሚመጣ መሰላችሁ?" አሉ። ልጆቹ አለቀሱ። እኛ ከሞሻቩ ጋር አስቀድመን ተነጋግረን ስለነበር ወስዷቸዋል። ነገሩን ግን ከልጆቹ አልደበቅንም፤ አውራዎቹ እዚያም ለዘላለም እንደማይኖሩ ነግረናቸዋል። ክርክሩ አላለቀም፣ በዚህ ምሽትም የሚያልቅ አይመስለንም።

ዶሮ ለማርባት የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ የከተማችሁን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። የወፍ ጉንፋን ቀልድ አይደለም፤ በ2021 መጨረሻ በሑላ ሸለቆ ዓጉር የሚባሉት ስደተኛ ወፎች በሺህ እየሆኑ ሞተዋል፣ በአካባቢው ያሉ የእንቁላል ዶሮዎችም በብዛት ተወግደዋል። የዱር ወፍ መኖውን እንዳይነካ መረብ ይኑር፣ ከነካችሁ በኋላም እጅ በሳሙና።

ሦስተኛውን የምናስታቅፈው ከፔሳሕ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰኞ ማታ ነው። እናቶቻችን ገና ያልተስማሙበት ነገር አለ፤ መታቀፍ የማትፈለግን ዶሮ እንዴት እንደሚያስተዋት። ከፊሉ ውሃ ይነክሯት ነበር፣ ከፊሉ ለጎረቤት ይልኳት ነበር፣ ቁልቁል የሚያንጠለጥሏትም ነበሩ። እኛ ጎጆ በሌለው፣ ከታች አየር በሚያስገባ ቀፎ ለጥቂት ቀን ማቆየቱን መርጠናል፤ ሌላ የምታውቁ ካላችሁ ኑና ንገሩን። እንቁላል የምናየው ከዚያ በስምንተኛው ቀን፣ ሲጨልም ነው። ውሻ ይዛችሁ አትምጡ። የስልካችሁን ድምፅ አጥፉት፤ መብራቱን ግን እንፈልገዋለን።