ሐራራ መጥቶ እስኪሄድ

ዛሬ የማነሣው ጫት፣ መጠጥ ወይም ሲጋራ ለመተው ቆርጠው ተነሥተው ከሰዓት በኋላ ላይ ልባቸው ስለሚከዳቸው ሰዎች ነው። ጠዋት ላይማ ሁሉም ጀግና ነው። «ከዛሬ ጀምሮ አበቃ!» የሚባለው ጠዋት ነው። ምሳ ተበልቶ ስምንት ሰዓት ገደማ ሲሆን ግን ማዛጋት ይጀምራል፤ አፍ ይደርቃል፤ ሥራው ያስጠላል፤ የባልደረባ ድምፅ እንኳ ያበሳጫል። እጅ ሳይታዘዝ ስልክ ያነሣና የበርጫ ጓደኛ ስም ላይ ደርሶ ይቆማል። ቃሚዎች ሐራራ የሚሉት ይኼንን ነው። ጠጪውም ከሥራ መውጫ ላይ፣ አጫሹም ከቡና በኋላ የየራሱ ሐራራ አለው።

እኛ ደግሞ፣ ቤተሰብ እንሁን ሐኪም ወይም የሃይማኖት አባት፣ ምክራችንን ብዙ ጊዜ የምንሰጠው ለጠዋቱ ሰው ነው። «ቁርጠኛ ሁን፣ ልጆችህን አስብ፣ ጤናህን አስብ» እንለዋለን። እሱም ከልቡ ይስማማል። የስምንት ሰዓቱን ሰው ግን ማንም አያነጋግረውም። ይህ ዝግጅት ለእሱ ነው፤ ለእሷም ነው፤ ተደብቀው የሚቅሙና የሚጠጡ ሴቶች ጥቂት አይደሉምና።

በመጀመሪያ ሐራራ ከየት እንደሚመጣ በአጭሩ ልንገራችሁ። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ፤ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ በቆየና በጠወለገ ቁጥር ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። የአወዳይን ጫት የጫነ መኪና እንደዚያ የሚከንፈው፣ መንገደኛውን የሚያስጨንቀው በዚሁ ምክንያት ነው። አልኮልና ኒኮቲን መንገዳቸው ሌላ ነው፤ ዞረው ዞረው ግን ሁሉም አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል ከፍ ያደርጋሉ። ዶፓሚን አንጎልን «ይህችን ነገር ያዛት፣ ነገም ድገማት» እያለ ያስተምረዋል። አንጎልም ቅጠሉን ብቻ መዝግቦ አያበቃም። ሰዓቱን፣ ሰፈሩን፣ የዕጣኑን ሽታ፣ የተነጠፈውን ፍራሽ፣ የጓደኛን ሳቅ ሁሉ አብሮ ይይዛል። ስለዚህ ከተዉ ከወራት በኋላም ቢሆን ከእነዚህ አንዱ ሲያጋጥም ሰውነት ሳይጠየቅ ይዘጋጃል። ሐራራ የመጣበት ሰው እምነት ጎድሎታል ወይም ሰነፍ ነው ማለት ስሕተት ነው።

ሲያትል በሚገኘው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የሥነ ልቦና ሊቅ አለን ማርላት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዘው ቆዩ፤ ሰው መጠጥ ካቆመ በኋላ ለምን ይመለሳል? መልሱን የፈለጉት ከተመለሱት ሰዎች ዘንድ ነው። የት ነበርክ፣ ከማን ጋር፣ ምን ተሰማህ እያሉ ጠየቁ። ደጋግመው ያገኙት ሦስት ነገር ነው፦ የከፋ ስሜት፣ ከሰው ጋር መጋጨት፣ የጓደኛ ግፊት። «አንድ ብቻ ምን ያደርግሃል?» የምትለዋ አነጋገር ሲያትልም አዲስ አበባም ያው ናት።

ማርላት ሌላም ነገር አስተዋሉ። ሐራራውን የሚታገሉት ሰዎች ቶሎ ይደክማሉ። «አላስበውም፣ አላስበውም» እያለ የሚውል ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያስበው ይውላል። ዳንኤል ዌግነር የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት ይህንኑ በሌላ መንገድ አሳይተዋል፤ ተሳታፊዎቹን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ቢያዟቸው ድቡ ከአእምሯቸው አልወጣ አለ። ታዲያ ካልታገሉት ምን ይደረጋል? ማርላት የሰጡት መልስ ከባሕር ዳርቻ የመጣ ነው። ማዕበል ላይ በሰሌዳ የሚንሳፈፉ ሰዎች ማዕበሉን አያቆሙትም፤ ሲነሣ አብረውት ይነሣሉ፣ ጫፉ ላይ ሚዛናቸውን ይጠብቃሉ፣ ሲወርድ ይወርዳሉ። ሐራራም እንዲሁ ይነሣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይረግባል። ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ሊውል ይችላል፤ አንዱ ሐራራ ብቻውን ግን ካልመገቡት አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። የብዙ ዓመት ቃሚ ይህን አያውቅም፤ እስኪረግብ ጠብቆት አያውቅማ!

አሁን አብረን እንሞክረው። መኪና እየነዳችሁ የምታዳምጡ ዝም ብላችሁ አዳምጡ፤ ማታ ቤታችሁ ትሞክሩታላችሁ። ሌሎቻችሁ ባላችሁበት ተቀመጡ። ወንበርም፣ ዱካም፣ ፍራሽም ይሆናል። እግር ማጣጠፍ፣ ዕጣን ማጨስ፣ ልዩ ቃል መደጋገም አያስፈልግም። ዓይን መጨፈን የሚከብዳችሁ ወለሉ ላይ አንድ ቦታ ተመልከቱ። ትንፋሻችሁን አታስተካክሉት፤ እንዳመጣጡ ተዉትና የት እንደሚሰማችሁ ፈልጉት። አፍንጫ ላይ? ደረት ላይ? ሆድ ላይ? አሁን ሐራራው ካለ ሰውነታችሁ ውስጥ የት ነው ያለው? ጉሮሮ ላይ ደርቋል? መንጋጋ ተነክሷል? ደረት ተጨንቋል? እጅ ይቅበጠበጣል? እዚያው ቦታ ላይ ቆዩና ልክ ሐኪም እንደሚጠይቃችሁ ለራሳችሁ ተናገሩት፤ ይሞቃል፣ ይወጋል፣ ይጨምራል፣ አሁን ቀነሰ። «ልሂድ፣ አንዴ ብቻ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይምጣ። ሐሳብ መጣ በሉና ወደ ትንፋሹ ተመለሱ። ሃያ ጊዜ ብትጠፉ ሃያ ጊዜ መመለስ ነው፤ ልምምዱ ራሱ መመለሱ ነው።

በቃ፣ ይኸው ነው። አንዳንዶቻችሁ ቅር እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ የበለጠ ረቂቅ ነገር ጠብቃችሁ ነበር።

ይሠራል ወይ? ማርላትና ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ የሄዱት ሲያትል አካባቢ ወዳለ እስር ቤት ነው። በፈቃዳቸው የ10 ቀን የጽሞና ሥልጠና የወሰዱ እስረኞች ከተፈቱ በኋላ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ የወሰዱት ካልሠለጠኑት ባነሰ መጠን ነበር። ሥልጠናውን የመረጡት ግን ራሳቸው ናቸው፤ ቀድሞውንም ለመለወጥ የቆረጡ ሊሆኑ ይችላሉ። በኋላ ባልደረቦቻቸው ሣራ ቦወንና ኔሃ ቻውላ ከማርላት ጋር አሁን የሞከርነውን ዓይነት ማስተዋል የሚያስለምድ የ8 ሳምንት ሥልጠና አዘጋጁ፤ ማርላት እ.ኤ.አ. በ2011 ዐረፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ የቦወን ቡድን ያወጣው ጥናት ሕክምና የጨረሱ 286 ሰዎችን በዕጣ ሦስት ቦታ የከፈለ ነው፦ የተለመደው ክትትል፣ የማገርሸት መከላከያ ትምህርት፣ የማስተዋል ልምምድ። በ6ኛው ወር ሁለቱም ሥልጠናዎች ከተለመደው ክትትል በልጠው ተገኙ። በዓመቱ ደግሞ ማስተዋልን የተለማመዱት ከሁለቱም ቡድኖች ባነሱ ቀናት ነበር የጠጡት ወይም ዕፅ የወሰዱት። እኔ ትልቅ ትርጉም የምሰጠው ለዚህ ጊዜ ነው። ሥልጠናው ካለቀ ከወራት በኋላ ውጤቱ መታየቱ ሰዎቹ አንድ ነገር ይዘው እንደወጡ ይነግረናል።

በሲጋራም ተሞክሯል። ጀድሰን ብሪወር የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ዬል ዩኒቨርሲቲ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ 88 አጫሾች በሁለት ቡድን ተከፍለው አንዱ ማስተዋልን፣ ሌላው የተለመደውን የማቆሚያ ሥልጠና ወሰዱ። በ17ኛው ሳምንት ካለ ሲጋራ የቆዩት ከመጀመሪያው ቡድን 31 በመቶ፣ ከሁለተኛው 6 በመቶ ነበሩ። የሚገርመው፣ ቤታቸው በደንብ የተለማመዱት ሰዎች ሐራራ ወዲያው አልጠፋላቸውም። ሐራራው መጥቶም አላጨሱም። ሐራራና እጅ ተለያዩ ማለት ነው።

ይህን ሰምታችሁ ግን ፈውስ ተገኘ እንዳትሉ። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 በዚህ ርዕስ ላይ 40 ሙከራዎችን መርምሮ ማስረጃው ገና ጠንካራ አይደለም ብሏል። እኔም ለታካሚ «ይኼ ብቻ ይበቃሃል» አልልም። ከምክር አገልግሎት፣ ከመድኃኒት፣ ከቤተሰብ ድጋፍ ጋር የሚሄድ አንድ ችሎታ ነው።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ጠበቅ ልበል። በየቀኑ አረቄ ወይም ሌላ መጠጥ በብዛት የሚጠጣ፣ ጠዋት አንድ መለኪያ ካልቀመሰ እጁ የማይረጋ ሰው ይህን ዝግጅት ሰምቶ በድንገት ማቆም የለበትም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ሰውነት ሊንፈራገጥ ይችላል፤ ሁለተኛና ሦስተኛው ቀን ላይ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት ሊከተል ይችላል። ይህ ይገድላል። ጤና ተቋም ሄዶ በመድኃኒትና በቫይታሚን ቢ አንድ ታግዞ ማቆም ይቻላል፤ አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ጫት ማቆም ግን እንደዚህ ለሕይወት አያሰጋም፤ ድብርት፣ እንቅልፍ መብዛት፣ ሌሊት ዱካክ ሊመጣ ይችላል፤ አብዛኛው በጊዜ ይለቃል። ድምፅ የሚሰማችሁ፣ ሰው ያሳድደኛል የምትሉ ወይም ከባድ የግፍ ትዝታ ያለባችሁ ደግሞ ብቻችሁን ረጅም ሰዓት ዓይን ጨፍኖ መቀመጥን አትሞክሩ። ባለሙያ ጋ ሂዱ።

ይህ የማስተዋል ልምምድ፣ ማለትም ሜዲቴሽን፣ ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጫል ወይ የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልኛል። ልምምዱ ከቡድሂዝም መምጣቱን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ለሕመምተኞች ሲያቀርቡት አምልኮውን ትተው ትኩረቱን ብቻ ነው የወሰዱት። ጠበል የሚጠመቅም፣ ሶላት የሚሰግድም ትንፋሹን ልብ ሊል ይችላል። ያልተመቸው ሰው ደግሞ አይገደድ፤ በጸሎቱ ላይ ልቡን መሰብሰብ ቢለማመድ ብዙ አይርቅም።

ስለ መንሸራተት ሳላነሣ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ሦስት ሳምንት የቆየ ሰው ሠርግ ቤት አንድ ብርጭቆ ይቀምሳል። ከዚያ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ይልና ሳምንቱን ሙሉ ይጠጣል። ማርላት ከጁዲት ጎርደን ጋር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ በሰፊው ተንትነውታል፤ ብዙውን ጊዜ ሰውን ወደ ድሮው የሚመልሰው የመጀመሪያው ብርጭቆ ሳይሆን ከብርጭቆው በኋላ የሚመጣው ኀፍረት ነው። ኀፍረትም እንደ ሐራራው ሰውነት ውስጥ ቦታ አለው፤ ፊት ይግላል፣ ሆድ ይጨነቃል፣ «እኔ ድሮም ሰው አልሆንም» የሚል ሐሳብ ይመላለሳል። በተመሳሳይ መንገድ ልብ ይባላል። ሚስትና እናት ደግሞ በዚያች ማታ ስድባችሁን ለነገ ብታቆዩት ትረዱታላችሁ።

ልምምዱ በሐራራ ሰዓት አይጀመርም፤ ጠዋት ፊት ታጥባችሁ ቁርስ ሳይቀርብ አምስት ደቂቃ ጀምሩ። ሳምንት ሲሞላ የሐራራ ሰዓታችሁን ለዩና ያቺን ሰዓት ቀድማችሁ ተቀመጡ። በዚያ ሰዓት ከጫት ተራው ራቅ ማለት ፈሪነት አይደለም።

ገና ለመተው ላልወሰናችሁ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ብሪወር አጫሾቻቸውን ሲጋራውን እያጨሱ ጣዕሙን ልብ እንዲሉ ያደርጓቸው ነበር፤ ብዙዎቹ እንደሚያስጠላቸው ያወቁት ያን ጊዜ ነው። እናንተም ዛሬ ስትቅሙ የመጀመሪያውን ጉንጭ ካለ ስኳር፣ ካለ ለውዝ፣ ካለ ለስላሳ፣ ስልክም ሳትነኩ፣ ወሬም ሳትጀምሩ ጣዕሙን ብቻ እየተከታተላችሁ ሞክሩት። ያገኛችሁትን ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ከደብዳቤዎቻችሁ እጀምራለሁ። ደኅና ዋሉ።