የሞተራችን መብራት ሂሳብ

(ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በእጃችሁ ባለው ሪፖርት ላይ «የሞተር ጥገና» የሚል ወጪ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ «ባትሪ፣ ከሠራተኛ ደመወዝ የተቆረጠ» ይላል። ዛሬ የምንናገረው ስለ እነዚህ ሦስት መስመሮች ነው።

ቁጠባ የምትሰበስበው እህታችን በየቀበሌው የምትደርሰው በሞተር ነው። በሳንጃ ቆላ ፀሐዩ ሳይበርድ፣ የእርሻና የቤት ሥራ ሳያልቅ ሴቶች አይሰበሰቡም። ገንዘቡን ቆጥራ፣ ደብተሩን አስፈርማ ስትነሳ ከምሽቱ 12 ሰዓት ያልፋል። ከሞተሩ ጋር የመጣው 35 ዋት አምፖል ድንጋዩን የሚያሳያት ከደረሰችበት በኋላ ነበር። ስለዚህ ሁለት ፓውዛ ይጨመርላት ብለን ወሰንን፤ ተገጠመ፤ ደረሰኝ መጣ፤ ፈረምን።

ለጥቂት ሳምንታት መንገዱ ቀን መሰለ። ከዚያ አንድ ምሽት ሞተሩ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። በእግር ብትመታውም አልነሳ አለ። እህታችን የማኅበሩን ገንዘብ በነጠላዋ ጠቅልላ በአንዲት አባላችን ቤት አደረች። እኛም ድምፅዋን እስክንሰማ እንቅልፍ አልወሰደንም። በማግሥቱ ግን «መብራት ሳታጠፋ እየተወች ባትሪ ገደለች» አልንና የአዲሱን ዋጋ ከደመወዟ ቆረጥን። አዲሱም ወር ሳይሞላው ሞተ።

ያኔ ነው ሞተሩን ጎንደር ወደሚሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የወሰድነው። ሰውየው ሽቦ ከመንካቱ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቀን። ለካስ ነገሩ የእኛው ሙያ ኖሯል! ዲናሞው ገቢ ነው፣ ባትሪው ተቀማጭ፣ መብራቱ ወጪ። የዚህ ሞተር ዲናሞ በደንብ ሲሽከረከር 120 ዋት ያህል ይሰጣል። ፓውዛዎቹ እያንዳንዳቸው 55 ዋት ናቸው፤ ከፊት አምፖሉ ጋር 145 ዋት። የኋላው መብራትና ካንዴላው የሚፈልገው ኃይል ገና አልተቆጠረም። ጉድለቱ በየምሽቱ ከባትሪው ይወጣ ነበር።

የባሰው ደግሞ ዲናሞው የሚሰጠው እንደ ሞተሩ ዙር መሆኑ ነው። መንገዱ ሲከፋ ቀስ ይባላል፤ ቀስ ሲባል ገቢው ያንሳል። መብራቱ አብዝቶ በሚያስፈልጋት ቦታ ላይ ባትሪው አብዝቶ ይራቆት ነበር። እህታችን ምንም አላጠፋችም፤ ያደረገችው መንዳት ብቻ ነው።

ሌላም ተገኘ። 110 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል ከ9 አምፔር ይበልጣል። ይህ ሁሉ በቀጭን ሽቦ፣ ያለ ፊውዝ፣ በነዳጅ ታንከሩ ሥር ያልፍ ነበር። ናስትሮው ቀልጦ ከሽቦው ጋር ተጣብቋል። ያን ስናይ ስለ ባትሪው ማማረራችንን ተውን።

አሁን የተገጠመው አንድ 20 ዋት ኤልኢዲ ፓውዛ ነው፤ ከ2 አምፔር በታች ይወስዳል። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ የ5 አምፔር ፊውዝ ገባ፤ ቀጥሎ ሪሌ። በሪሌው እግሮች ላይ ቁጥር ተጽፏል፦ 30 ከፊውዙ፣ 87 ወደ ፓውዛው፣ 86 ከማብሪያው፣ 85 ወደ ማሳ። («ማሳ» ሲባል የሰሊጥ ማሳ የመሰለን ነበርን፤ ኔጌቲቩ የሚታሰርበት የሞተሩ ብረት ማለት ነው።) ማብሪያው ኃይል የሚያገኘው ከቁልፉ በኋላ ስለሆነ ቁልፉ ሲዘጋ ፓውዛውም ይጠፋል። ብርሃኑም ከፊት የሚመጣውን ሰውና ከብት እንዳያሳውር ዝቅ ተደርጎ ታስሯል። በቤታችሁ ሞተር ያላችሁ ግን ይህን እንዳለ አትቅዱ፤ አንዳንዱ የፊት መብራቱን ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከዲናሞው ነው የሚያገኘው፤ አስቀድማችሁ አስመርምሩ።

የመጀመሪያውን ክፍያ ስንት ዋት ብለን ሳንጠይቅ የፈረምነው እኛ ነን። ስለዚህ የተቆረጠባት የባትሪ ዋጋ ለእህታችን እንዲመለስላት፣ ወጪውም በማኅበሩ ስም እንዲያዝ ጉባኤውን እንጠይቃለን። እሷ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሞተሩ በር ላይ ቆሟል፤ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ማየት ለምትፈልጉ ቁልፉ እሷ ጋ ነው።