ስለ ትንንሽ ውሾች ጠጉር



ክረምት ሲገባ በላፍቶ ጭቃ የተለወሰውን ትንሽ ውሻ ላጭተን ለመገላገል እንቸኩላለን። ነገር ግን ጠጉሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2009 እንደ ገለጡት፣ አብዛኛው የውሾች ጠጉር ልዩነት ከሦስት ጂኖች የሚመጣ ነው። አንዱ ርዝመቱን፣ አንዱ መጠቅለሉን፣ አንዱ ጢሙንና ቅንድቡን ይወስናል። ረጅሙ ጠጉር የሚወጣው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነውና፣ ጠጉረ አጭር ከሆኑ ሁለት ቺዋዋዎች ጠጉረ ረጅም ቡችላ ቢወለድ የጎረቤት ውሻ አይታማ!

የፑድል ጠጉር ሳያቋርጥ ስለሚያድግ መቀስ ያሻዋል። የፖሜራንያን ግን ድርብ ነው፤ የውስጡ ለስላሳ ጠጉር ከብርድ ይጠብቀዋል፤ ከሥሩ ከተላጨም እንደ ቀድሞው ላይበቅል ይችላል። ለእርሱ ጭቃው ሲደርቅ ብሩሽ ይበቃዋል። የተቋጠረው ጠጉር ግን ከመታጠቡ በፊት በጣት ይፈታ፤ ከረጠበ በኋላ እንደ ገመድ ይከርራል።