ቦይለር ከግድግዳ ሲወርድ
(በእድራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ንግሥም ሆነ ለፊቼ ጨምበላላ ሐዋሳችን እንግዳ ትቀበላለች፤ ብዙዎቻችንም ቤታችንን ቀለም እንቀባለን። በብርድ አገር ቀለም ከመቀባቱ በፊት ግድግዳ ላይ ያለው የክፍል ማሞቂያ ይወርዳል። እኛ ዘንድ እሱ ባይኖርም የመታጠቢያ ቤት ቦይለር አለ። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ሲረጥብና ሲላላጥ ማውረዱ ግድ ይሆናል። ታዲያ ዛሬ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ መብራት ወይም ውሃ ጠፋ ማለት ተዘጋ ማለት አይደለም።

«መብራት የለም፣ አሁኑኑ ልፍታው» ያለ ሰው ሽቦውን እንደያዘ መብራቱ ሊመጣበት ይችላል። 220 ቮልት፣ ያውም በእርጥብ እጅ፣ ይገድላል። ስለዚህ መብራቱ እስኪመጣ ጠብቁ። ቴስተሩ መሥራቱን ሶኬት ላይ ሞክሩ፤ የቦይለሩን ብሬከር አውርዱና «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፉበት። ከዚያ የቦይለሩ ሽቦ በቴስተር ይታይ። የሚፈታው ግን ባለሙያ ይሁን።

ውሃውም እንደዚያው ነው። የመንገዱ መስመር ቢደርቅ ጣሪያ ላይ ሮቶ አለ። ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቀዝቃዛ መስመር ዝጉ። ውሃው ከበረደ በኋላ አየር እንዲገባ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱና በሴፍቲ ቫልቩ በኩል ወደ ባልዲ አጉድሉት። 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር 50 ኪሎ ውሃ ተሸክሟል፤ የራሱ ክብደት ሲጨመርበት ለአንድ ሰው ትከሻ አይሆንም። ጎደለ ብላችሁም ብቻችሁን አታውርዱት፤ ከሥሩ ጥቂት ውሃ አይጠፋም።

ተመልሶ ሲሰቀል ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ውሃ ይቀድማል፣ መብራት ይከተላል። የሙቁ ቧንቧ መንተፋተፉን ትቶ ውሃው ወጥ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ ብሬከሩ አይነሳ፤ ባዶውን የበራ ቦይለር ማሞቂያው ይቃጠላል። ሴፍቲ ቫልቩም ቦታው ይመለስ። «ያንጠባጥባል» ተብሎ በቡሽ አይደፈን፤ ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ መውጫ ካጣ ቦይለሩን ሊያፈነዳው ይችላል።

ወገኖቼ፣ ቀለሙ ሳምንት ቢዘገይ እንግዳ አይቀየመንም። የእድራችን ድንኳን ግን በግድግዳ ቀለም ሰበብ መተከል የለበትም።